ካርዱና ሰዓቱ አልገጣጠሙልኝም፣ እርዱኝ

ያገለገለ ሮሌክስ ልገዛ ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ዶክመንት አለው» ብሎ የላከልኝ ፎቶ ግን ግራ አጋባኝ። ሰዓቱ በፈረንጆቹ የ1990ዎቹ ነው ይላል። የዋስትና ማስረጃው ደግሞ የፕላስቲክ ካርድ! ያኔ እኮ የሚሰጠው ወረቀት ነበር፣ ሴሪያል ቁጥሩ በትንንሽ ቀዳዳ የተበሳበት። ካርዱ የመጣው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። ሳጥንና ማኑዋልም አለው። እነሱ ግን ለብቻቸውም ስለሚሸጡ ብዙም አላምናቸውም። ማሰሪያውን ፈትቶ በ6 ቁጥር በኩል፣ ከስሩ የተቀረጸውን ሴሪያል እንዲያሳየኝ ለመንኩት። «ይቧጨርብኛል» አለኝ። እሺ፣ ቁጥሩ ገጠመ እንበል። በኋላ ለሰርቪስ ገብቶ የተሰጠው ካርድ ኦሪጅናል ዶክመንት ይባላል? ወይስ በመጀመሪያው ሽያጭ ቀን የተሰጠው ብቻ ነው? ሰውዬው ነገ መልስ እየጠበቀ ነው።