የሉፐስ ታካሚ ስትቃዥና ሲያንዘፈዝፋት፦ ፕሬድኒሶሎን ይቀነስ ወይስ ይጨመር?

ጤና መኮንን፣ ለገጣፎ
ሰላም ባልደረቦች። የ24 ዓመት ሴት ናት። ለሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን ስትወስድ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከ9 ቀን በፊት ከ10 ወደ 40 ሚ.ግ ከፍ ተደረገላት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፣ ድምፅ ይሰማኛል ትላለች። ዛሬ አንዴ አንዘፍዝፏታል፤ ትኩሳቷ 38.6 ነው። ቤተሰቡ «ያሳበዳት ክኒኑ ነው፣ አቁመን ጠበል እንውሰዳት» ይላል። አምቡላንስ እስኪመጣ ምን ላድርግ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ወንድሜ፣ ክኒኑ በምንም ዓይነት በአንዴ እንዳይቆም። ሁለት ዓመት ከወሰደች የተፈጥሮ ስቴሮይድ የሚያመነጨው የራሷ አድሬናል ዕጢ ተኝቷል፤ ካቆመች ግፊቷ ወርዶ ልትሞት ትችላለች። መዋጥ ካቃታት ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚ.ግ በደም ሥር ስጣት። ጠበሉን አልጋዋ ድረስ ያምጡላት፣ በደንብ ስትነቃ ትጠጣለች፤ ከቤተሰቡ ጋር ሙግት አትግጠም።

ፕሬድኒሶሎን 40 ሚ.ግና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ እንዲህ ያለ መቃዠት ሊያመጣ ይችላል። ትኩሳቱንና ማንዘፍዘፉን ግን አያስረዳም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንፌክሽን ነው። ስኳርና ግፊት አሁኑኑ ለካ፤ ቆላ ከርማ ከሆነ ወባም መርምር። ኤልፒ (ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ ቀድቶ መመርመር) እስኪሠራ አትጠብቅ፣ አንቲባዮቲኩን ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም ጀምርላት። ማንዘፍዘፉ 5 ደቂቃ ካለፈ ዳያዜፓም 10 ሚ.ግ ቀስ ብለህ በደም ሥር፣ ትንፋሿን እያየህ።

ሆስፒታል ኤልፒ ሲሠራ ቲቢና ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ ይታያሉ። ኢንፌክሽን ከሌለና ሉፐሱ ራሱ ከሆነ ሜቲልፕሬድኒሶሎን በደም ሥር በቀን ከ500 ሚ.ግ እስከ 1 ግራም ለ3 ቀን፣ ቀጥሎ ፕሬድኒሶሎን በቀን በኪሎ 1 ሚ.ግ። ከባድ ከሆነ ሳይክሎፎስፋማይድ (የሰውነት መከላከያን የሚገታ መድኃኒት) 500 ሚ.ግ በየሁለት ሳምንቱ ስድስት ጊዜ ይጨመራል፤ ከዚያ በፊት የእርግዝና ምርመራና ነጭ የደም ሕዋስ ቆጠራ የግድ ነው። በእኛ አገር አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል። በከፍተኛ ስቴሮይድ ሥር መላ ሰውነት ይወርራል፣ አይቨርሜክቲን አስቀድሙ። መንስኤው የደም መርጋት ከሆነ ግን ስቴሮይድ ብቻ አያድናትም፤ የደም መርጋት መከላከያው ዋርፋሪን ነው፣ አይኤንአር (የደም መርጋት ፍጥነት መለኪያ) ከ2 እስከ 3 እንዲሆን።

ፋርማሲስት፣ ሰበታ
የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲመረጥ ጥንቃቄ ይደረግ። ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ጉበት ፕሬድኒሶሎንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ፤ የክኒኑ መጠን ሳይቀነስ እንኳ ሉፐሱ ሊያገረሽ ይችላል። ቫልፕሮት በ24 ዓመቷ ለፅንስ አደገኛ ነው። ሌቬቲራሴታም 500 ሚ.ግ ሁለት ጊዜ ይሻላል፤ ኩላሊቷ ከተጎዳ ይቀነሳል፣ ንዴት ሊያመጣባት እንደሚችል ለቤተሰቧ ንገሯቸው። ለመቃዠቱ ሃሎፔሪዶል ካስፈለገ በትንሹ ጀምሩ። ለሉፐሱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የምትወስድ ከሆነ ሁለቱም የልብ ምትን ሊያዛቡ ስለሚችሉ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይቅደም።

ጤና መኮንን፣ ለገጣፎ
ስኳሯ 104፣ ግፊቷ 170/110 ነው። ሴፍትሪያክሶኑ ገብቷል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ግፊቱ ራሱ አንጎል አሳብጦ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። በአንዴ አታውርደው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ከሩብ በላይ አይቀንስ። ኩላሊቷ ተነክቶ እንደሆነ ሽንቷን በዲፕስቲክ (የሽንት መመርመሪያ ወረቀት) እይ። ሪፈሩ ላይ የመጨረሻውን ፕሬድኒሶሎን መጠንና ሰዓት፣ አንቲባዮቲኩ የገባበትንም ሰዓት ጻፍ።