የራዲያተር ፋን በሪሌ ለመግጠም፦ የቱ ገመድ የት ይገባል?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። መኪናዬ ላይ በቺንጋ የሚዞረው ፋን ወጥቶ በኤሌክትሪክ ፋን ተተክቷል። የገጠመው ባለሙያ ገመዱን ከባትሪ አንስቶ ዳሽቦርድ ላይ ባለች ትንሽ ማብሪያ አሳልፎ ቀጥታ ፋኑ ላይ አሰረው። አሁን ፋኑ ትንሽ ከሠራ ማብሪያዋ እጅ ታቃጥላለች፣ ፕላስቲኳም መቅለጥ ጀምሯል። ፊውዙ ግን ደህና ነው። ሪሌ (በትንሽ ከረንት ታዞ ትልቁን ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ግዛ ተባልኩ፣ ገዛሁ፣ እግሮቹ ላይ 30፣ 85፣ 86፣ 87 ይላል። የቱ የት ነው የሚገባው? ሙቀቱን አይቶ ራሱ ቢነሳልኝ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።

መልስ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያቺን ማብሪያ ተዋት፣ እሳት ልታስነሳ ትችላለች። ፊውዝ የሚበጠሰው ከልኩ በላይ ከረንት ሲያልፍበት ነው እንጂ ሌላ ቦታ ስለሞቀ አይደለም። ብዙ ፋኖች ከ10 እስከ 25 አምፔር ይስባሉ፣ ሲነሱ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም በላይ። ሪሌ ካለ ይህ ሁሉ ሸክም በሱ ያልፋል፤ እሱን ለማዘዝ ከአንድ አምፔር በታች ይበቃል።

30 ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ ይመጣል፣ 87 ወደ ፋኑ ፖዘቲቭ ይሄዳል። 86ን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ውሰድ። 85ን ራዲያተሩ ላይ ወደሚገባው የሙቀት ሴንሰር፣ የሴንሰሩን ሌላ ጫፍ ወደ ማሳ (የባትሪው ኔጌቲቭ የታሰረበት የመኪናው ብረት)። ውሃው ሲግል ሴንሰሩ ከማሳ ያገናኘዋል፣ ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ፋኑ ይነሳል። ሪሌህ ባለ 5 እግር ከሆነ መሃል ያለችውን 87ኤ አትንካት፣ እሷ የምትሠራው ሪሌው ሲያርፍ ነው።

ሌላ መልስ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን ፊውዙ ባትሪው ሥር መሆን አለበት። ራቅ ብሎ ከተገጠመ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ገመድ ቆርቆሮ ነክቶ ሾርት ቢያደርግ የሚያቆመው ነገር የለም። ለ20 አምፔር ገደማ ፋን 30 አምፔር ፊውዝና 4 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ ይሆናል። ማሳውንም አትናቀው፣ ቀለሙን ፍቀህ ንጹህ ብረት ላይ እሰረው። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል የሚባል ነገር አይሠራም፤ ያላላ ግንኙነት ይሞቃል፣ ሶኬቱንም ያቀልጠዋል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሴንሰሩ ስንት ዲግሪ ይሁን? ደግሞ 30ንም ከቁልፍ መስመር ብወስደው ምን አለበት?

መልስ፦
በቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ነው የሚወሰነው። ቴርሞስታቱ በ82 የሚከፈት ከሆነ በ92 ገደማ አስነስቶ በ87 የሚያጠፋ ሴንሰር ይስማማዋል። ከቴርሞስታቱ በታች የሚነሳ ከገዛህ ፋኑ እረፍት አያገኝም። 30ን ግን ከቁልፍ አትውሰድ፣ የቁልፉ መስመር ለዚያ ሁሉ ከረንት አልተሠራም። በዚያ ላይ ቁልፍ ስትዘጋ ገና እየዞረ ያለው ፋን ራሱ እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ስለሚመልስ ሞተሩ ቶሎ አልጠፋ ሊልህ ይችላል።

ሲያልቅ ፋኑ ወዴት እንደሚነፍስ እይ። ከሞተሩ በኩል የተገጠመ ከሆነ ራዲያተሩ ፊት ወረቀት ስታስጠጋ መሳብ አለበት። ከገፋው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጧል፣ አዙረህ እሰረው።