«ነፃ ነህ፣ ምረጥ» ማለት የፈለግከውን አድርግ ማለት ነው እንዴ?

የማታ አንባቢ፦
ሰላም ናችሁ፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሳርትር በፈረንጆች 1945 ፓሪስ ላይ የሰጠውን ሌክቸር እያነበብኩ ነበር፣ እዛ ላይ ስለ አንድ ተማሪው ያወራል፣ ወንድሙን በ1940 ጀርመኖች ገድለውበታል፣ አባትና እናቱ ተኳርፈዋል፣ እናትየው ከሱ ሌላ ማንም የላትም፣ እሱ ግን እንግሊዝ ተሻግሮ ጀርመኖችን መዋጋት ፈልጓል። ምን ላድርግ ሲለው «ነፃ ነህ፣ ምረጥ» ብሎ ሸኘው። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ይሄ ምክር ነው? ዛሬ ሰዉ «ሕይወቴ ነው፣ ምርጫዬ ነው» እያለ ቤተሰቡን ዞር ብሎ የማያየው ከዚህ የመጣ አይደለም? እኔም ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቼ እናቴን ለማን ልተዋት እያልኩ ስለሆነ ይሆናል።

ቀለም፦
እህቴ ንዴትሽ ይገባኛል፣ ግን ከዛ በፊት ያለውን ገጽ ተመልሰሽ እዪው፣ ሰው ለራሱ ሲመርጥ ለሰው ልጅ ሁሉ ነው የሚመርጠው ይላል፣ ይሄ ከ«ምርጫዬ ነው» ጋር በጭራሽ አይገናኝም፣ ሸክም ነው እንጂ። ደግሞ ቄስ ይጠይቅ ቢባልስ የትኛውን ቄስ? ከጀርመን ጋር ያበረ አለ፣ አርበኞቹን የሚደግፍ አለ፣ ቄሱን ስትመርጪ እኮ መልሱንም መርጠሻል። እኛም ሽማግሌ ጋ ስንሄድ ምን እንደሚለን ቀድመን እናውቃለን።

ሰናይ፦
እኔ ደራሲውን ካሙን ነው የምልሽ። በ1947 በወጣው የወረርሽኝ ልቦለዱ ራምቤር የሚባል ጋዜጠኛ በወረርሽኙ የተነሳ የአልጄሪያዋ ከተማ ኦራን ውስጥ ተዘግቶበት ፍቅረኛው ጋ ለመድረስ በስንት ደላላ መውጫ ያመቻቻል፣ በመጨረሻው ሰዓት ግን ይቀራል። ዶክተሩ ደስታን መምረጥ አያሳፍርም ሲለው ለብቻ መደሰት ግን ሊያሳፍር ይችላል ይለዋል። እዛ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሂሩት፦
ወንዶች ቆዩ እስቲ። እናት ትጠበቅ ሲባል ሁሌ የምትቀረው ሴት ልጅ ናት፣ የሳርትር ተማሪ ሴት ብትሆን ሂጂ ወይስ ቅሪ ብሎ የሚጠይቃትም አይኖርም ነበር። ፈረንሳይ ሴቶች ድምፅ የሰጡት ገና በ1945 ነው፣ ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ የባንክ ሒሳብ መክፈት የቻለችው ደግሞ 1965 ላይ። ፈላስፋዋ ሲሞን ደ ቦቯር በ1949 ሴት ሆኖ አይወለድም፣ ሴት ይኮናል እንጂ ስትል ይሄን ሁሉ እያየች ነው። ስለዚህ «ምርጫዬ ነው» የሚለውን እንዲህ በቀላሉ አታጣጥይው።

የማታ አንባቢ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ገጹን ተመልሼ አየሁት። ሂሩትዬ ያልሽው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስበኝ አደረ። የቄሱ ነገር ደግሞ ገባኝ፣ እሁድ አክስቴን ላማክር ነበር፣ አክስቴ አትሂጂ እንደምትለኝ ከድሮም አውቀው ነበር።