የኳንተም በጀት ለማሽን ብቻ ወይስ ለሒሳብም?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለኳንተም ምርምር የሚያገኙት ገንዘብ ማሽኑን፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተሩን፣ ለሚሠሩት ብቻ ይዋል? ወይስ ለንጹሕ ሒሳብም ይድረስ?

ኢንጂነር፦ ለማሽኑ ይዋል። አሁን ያነቀን እሱ ነው። ኪዩቢት፣ የኳንተም ኮምፒውተር ትንሹ የመረጃ መያዣ፣ በትንሽ ሙቀት፣ በትንሽ ንዝረት ይበላሻል። ወደ ፍጹም ዜሮ የሚያስጠጋው ማቀዝቀዣ ብቻውን ስንት ገንዘብ ይፈጃል! ለሒሳብ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

የሒሳብ መምህርት፦ ወንድሜ፣ እርሳሱን የሚይዘው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል እኮ። ታሪኩንም እንይ። በፈረንጆቹ 1925 የፊዚክስ ሊቁ ሃይዘንበርግ አዲሱን የኳንተም ስሌት ሲጽፍ በማትሪክስ፣ በቁጥሮች ሰንጠረዥ፣ እየሠራ መሆኑን አላወቀም። ያወቀለት ማክስ ቦርን ነው፤ ተማሪ እያለ ያንን ሒሳብ ተምሮት ነበር። በ1994ም ፒተር ሾር ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች የሚበትን አልጎሪዝም ሲያወጣ፣ የሚሠራበት ማሽን ገና አልነበረም።

ኢንጂነር፦ እሱ የድሮ ነው፣ መምህር። የቅርብ ምሳሌ ያምጡልኝ።

የሒሳብ መምህርት፦ 2022 ይሁን። ሳይክ የሚባል የመረጃ መቆለፊያ ዘዴ ነበር። የኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማል ተብሎ፣ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ባካሄደው ምርጫ አራተኛ ዙር ደርሶ ነበር። ቤልጂየም፣ ሌቨን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ተመራማሪዎች ካስትሪክና ደክሩ ቀላሉን የጥበቃ ደረጃውን በተራ ኮምፒውተር፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ሰበሩት። መሣሪያቸው የሒሳብ ሊቁ ኤርንስት ካኒ በ1997 ያሳተመው ቲዎረም (የተረጋገጠ የሒሳብ ሐሳብ) ነው። ቲዎረሙ የሚያወራው ስለ ኩርባዎች ነው፤ ስለ ምስጢር አጠባበቅ አንድም ነገር አይልም። የትኛው ገንዘብ ሰጪ ነው ያኔ «ይሄ ለኳንተም ዘመን ይጠቅመናል» ብሎ የሚመርጠው? መቆለፊያው በየስልካችን ከገባ በኋላ ቢሰበርስ ኖሮ?

የፊዚክስ ተማሪ፦ መንገዱ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ነው። በ2020 አምስት ተመራማሪዎች ከኳንተም ትስስር፣ ተራርቀውም እንደ አንድ ከሚሆኑ ቅንጣቶች ጠባይ፣ ተነስተው፣ የሒሳብ ሊቁ አላን ኮን በ1976 ላነሳው የንጹሕ ሒሳብ ጥያቄ መልስ ሰጡ። ጥያቄው «ማለቂያ የሌላቸው አንዳንድ የሒሳብ መዋቅሮች ሁልጊዜ በውስን ማትሪክሶች ይጠጋጋሉ ወይ?» የሚል ነበር። መልሱም «አይሆንም» ነው። እኛ ጋ ያለው ችግር ግን ሌላ ነው። የፊዚክስ ተማሪ ለኦፕሬተር አልጀብራ፣ ማትሪክስን ወደ ማለቂያ የለሽ መጠን ለሚያሰፋው ሒሳብ፣ ጊዜ የለውም፣ የሒሳብ ተማሪም ቤተ ሙከራ አይገባም። ገንዘቡ ቢመጣ እንኳ ማን ከማን ጋር ያወራል?

ኢንጂነር፦ የሳይኩን ነገር ተቀብያለሁ። ግን የኪዩቢትን ስህተት ማረሚያ ኮድ በወረቀት ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ። ማሽን ላይ በደንብ ሲሠራ ያየነው ገና በቅርብ ዓመታት ነው። እዚያ ያደረሱት ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያድሩ ልጆች ናቸው። በጀት ሲቆረስ መጀመሪያ የሚጎዱትም እነሱ ናቸው።

የሒሳብ መምህርት፦ ከእነሱ ይቀነስ አላልኩም። በኳንተም ስም አዲስ ገንዘብ በመጣ ቁጥር ጥቂት የዶክትሬት ቦታ ለሒሳብ ይቀመጥ ነው የምለው። ርዕሱን ተማሪውና አማካሪው ይምረጡ። «ለኳንተም ምን ይጠቅማል?» የሚል ቅጽ አይሙሉ።

ኢንጂነር፦ እዚህ ላይ አልስማማም። የሕዝብ ገንዘብ ነው። ቢያንስ በዓመት አንዴ መጥተው ምን እንደሠሩ ይንገሩን።

የሒሳብ መምህርት፦ መንገሩ ይሁን፣ ደስ ይለናል። ርዕስ ምረጡልን ግን አንልም።