«ሳቲ»ን በአማርኛ ምን እንበላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ቡድሂስት ሜዲቴሽን አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ሜዲቴሽንን «ተመስጦ» ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ሳቲ» የምትባል የፓሊ (የጥንት ቡድሂስት መጻሕፍት ቋንቋ) ቃል መጣችና አቆመችኝ። እሷስ ተመስጦ ትባል? ነገሩ ጭንቅላትን ባዶ ማድረግ ነው አይደል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። ባዶ ማድረግ አይደለም። የበርማው መነኩሴ ማሃሲ ሳያዳው (1904–1982 እ.ኤ.አ.) ያስፋፉትን አካሄድ እይ። ቁጭ ትላለህ። ስትተነፍስ ሆድህ ሲነሳ በውስጥህ «ተነሳ»፣ ሲወርድ «ወረደ» ትላለህ። ሐሳብህ ሹልክ ብሎ የቤት ኪራይ ጋ ሄደ? «ማሰብ፣ ማሰብ» ትልና ወደ ሆድህ ትመለሳለህ። ሐሳቡን የሚያባርረው የለም። መምጣቱን ማወቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተመስጦ አያስኬድም። «መሠጠ» በግዕዝ መንጠቅ ነው። የተመሰጠ ሰው ተነጥቋል፤ ቢጠሩት አይሰማም። ሳቲ ያለው ሰው ግን መስማቱንም ጭምር ያውቃል። ተመስጦን «ጃና» ለሚሉት ጥልቅ ሁኔታ አቆየው።

የሳቲ ሥር ማስታወስ ነው። የሳንስክሪት እህቷ «ስምሪቲ» ትባላለች። እንግሊዛዊው የፓሊ ምሁር ሪስ ዴቪድስ በ1881 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ «ማይንድፉልነስ» ብሎ ሲተረጉማት ማስታወሱ ደበዘዘ። እኛ ግን «ልብ ማለት» አለን! እናቴ ሱቅ ስትልከኝ «መልሱን ልብ በል» ትለኝ ነበር። እንዳትረሳም፣ ዓይንህ ከሳንቲሙ እንዳይነሳም ማለቷ ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል።

ሌላ አባል፦ «ቀልብን መሰብሰብ»ስ?

መልስ፦ አሪፍ ነው፣ ግን ለ«ሳማዲ»፣ አእምሮ አንድ ነገር ላይ ለሚረጋበት ሁኔታ። እሷም በሥሯ አንድ ላይ ማኖር ማለት ናት። ቀልብ ራሱ በዐረብኛ ልብ ነው፤ ዞረን ዞረን ልብ ጋ ነን።

ጠያቂው፦ «ቪኛና»ንስ (እንግሊዝኛው «ኮንሸስነስ» የሚላትን) ንቃተ ህሊና ልበላት?

መልስ፦ እኔ እሸሻታለሁ። ንቃት ሲባል «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» ጆሮዬ ላይ ይጮኻል፤ የአብዮት ሽታ አላት። «ማወቅ» ብትል ይበቃል። ቪኛና ስድስት ዓይነት ናት፦ የዓይን፣ የጆሮ፣ የአፍንጫ፣ የምላስ፣ የአካልና የአእምሮ። ጆሮና ድምፅ ሲገናኙ የጆሮ ማወቅ ይነሳል፣ ድምፁ ሲያልፍ ያልፋል። ውስጥ ወንበር ይዞ የሚያዳምጥ ሰውዬ የለም።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ታዲያ ማነው የሚያውቀው?

መልስ፦ እዚህ ላይ አማርኛ ሳያስበው ይረዳሃል። «ታየኝ»፣ «ተሰማኝ»፣ «ትዝ አለኝ»፣ «በረደኝ» እንላለን። ባለቤቱ እኔ አይደለሁም፤ ነገሩ ነው የመጣብኝ። ስትተረጉም «እኔ ድምፁን አወቅሁት» ከማለት «ድምፁ ተሰማ» በል። «ተሰማኝ» ካልክ ያቺ «እኔ»ን የምታመለክተው «ኝ» አብራ ትመጣለች፤ ቡድሂስቶች ደግሞ እሷንም አይምሯትም።