የኦንላይን እግር ኳስ ጨዋታችን ውጤቶች እውነተኛ እንዲመስሉ ምን እናስተካክል?

ተመላላሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በብሮውዘር የሚከፈት የእግር ኳስ አሠልጣኝነት ጨዋታ እየሠራን ነው። ተጫዋቹ አሰላለፉን ቀን ያስገባል፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ግጥሚያውን ደቂቃ በደቂቃ አስልቶ በጽሑፍ ያስተላልፋል። ለጊዜው 16 ቡድኖች ያሉት አንድ ሊግ አለን።

የገጠመን ችግር ውጤቶቹ እግር ኳስ አለመምሰላቸው ነው። 5 ለ 3 እና 6 ለ 2 የዘወትር ውጤት ሆነዋል። ባለፈው ሳምንት 200 የሙከራ ግጥሚያዎችን ባስኬድ ያለ ግብ የተጠናቀቀው አንድ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ በጥንካሬ ትንሽ የሚበልጠው ቡድን ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ያለ ቡድን መሪውን ሲረታ እስካሁን አላየሁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ቡድን የግብ ሙከራ የማድረግ ዕድሉ 10 በመቶ፣ ሙከራው ግብ የመሆን ዕድሉ ደግሞ 30 በመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በቡድኖቹ የጥንካሬ ንጽጽር ይባዛሉ። ጓደኞቼ ዝናብ፣ ጉዳትና የዳኛ ባሕርይ ብንጨምርበት ሕይወት ይዘራል ይላሉ፤ እኔ ግን ችግሩ ከሥሩ ይመስለኛል። ልምድ ያላችሁ ብትረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

አማካይ 8፦
ሰላም ተመላላሽ። ግምትዎ ትክክል ነው፤ ዝናቡን ለጊዜው ይተዉት። ቁጥሮችዎን ብናባዛቸው 90 ደቂቃ በ0.10፣ እንደገና በ0.30 ሲባዛ ለአንድ ቡድን 2.7፣ ለሁለቱ 5.4 ግብ ይሆናል። በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ በ64 ጨዋታዎች የተቆጠሩት 172 ግቦች ናቸው፤ በአማካይ 2.7 መሆኑ ነው። ግብ በብዛት የተቆጠረበት የ2023/24 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እንኳ በ380 ጨዋታዎች 1,246 ግቦችን ነው ያስተናገደው፤ 3.28 ገደማ። የእርስዎ ሊግ በሁለት ግብ ይበልጠዋል።

የሙከራውን ዕድል ወደ 14 በመቶ ከፍ አድርገው ግብ የመሆን ዕድሉን ወደ 10 በመቶ ያውርዱት። አንድ ቡድን በጨዋታ 12 ወይም 13 ጊዜ ይሞክራል፣ አንዱ ወይም ሁለቱ ይገባሉ፤ ይህ በሜዳ ላይ ከምናየው ጋር ይቀራረባል። ያን ጊዜ ከ200 ግጥሚያዎች 15 ያህሉ ያለ ግብ ይጠናቀቃሉ ብለው ይጠብቁ። ሙከራ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ፍፁም ቅጣት ምት ከአራት ሦስቱ ያህል ግብ ሲሆን፣ ከሳጥን ውጪ የሚመታ ኳስ ግን የሚገባው ከመቶ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ኮዱ አስቀድሞ ኳሱ ከየት እንደተመታ ይወስን፣ ዕድሉንም ከዚያ ይውሰድ።

ሁለተኛው ስህተት ጥንካሬን ሁለት ጊዜ መቁጠርዎ ነው። የ1.3 ብልጫ ያለው ቡድን በሙከራም በግብም ሲባዛለት 1.69 ይሆናል። ብልጫውን በሙከራ ብዛት ላይ ብቻ ያሳርፉት፤ ግቡን ለአጥቂውና ለግብ ጠባቂው ችሎታ ይተዉት። ደካማው ቡድን የሚያሸንፈው ግብ ጥቂት በመሆኑ ነው። ግሪክ በ2004 የአውሮፓ ዋንጫን ያነሳችው ፈረንሳይን፣ ቼክ ሪፐብሊክንና ፖርቱጋልን በተከታታይ 1 ለ 0 እየረታች ነበር። ግብ በሚዘንብበት ጨዋታ ይህ አይታሰብም።

የመስመር ዳኛ፦
በአማካይ 8 ስሌት እስማማለሁ፤ ነገር ግን አማካዩ ቢስተካከልም ግጥሚያውን በጽሑፍ የሚከታተል ሰው እውነተኛ ነው ብሎ አይቀበለውም፤ ምክንያቱም በእርስዎ ኮድ 83ኛው ደቂቃ ከ5ኛው ደቂቃ ጋር አንድ ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ደቂቃ ያለፈውን አያስታውስም። 1 ለ 0 የሚመራ ቡድን ወደ ኋላ አፈግፍጎ ውጤቱን አስጠብቆ ለመውጣት ይሞክራል፤ የሚመራው ቡድን በመልሶ ማጥቃት ያስፈራል፣ የተመራው ደግሞ ተከላካዩን አስወጥቶ አጥቂ ያስገባል።

ከሁሉ በላይ ድካምን ያስገቡ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በ100 የሚጀምር አቅም ይስጡትና እንደ ቦታው ይቀንሱ፤ የመስመር ተመላላሹ ከመሐል ተከላካዩ ፈጥኖ ይድከም። የ34 ዓመቱ ቀኝ ተመላላሽ 80ኛው ደቂቃ ላይ አቅሙ 35 ሲደርስ፣ ተቀይሮ የገባ ፈጣን ክንፍ በእሱ በኩል ደጋግሞ ሲያልፍ ማንበብ ልብ ይሰቅላል፤ ያን ጊዜ አምስቱ ቅያሪዎችም ትርጉም ይኖራቸዋል። ግቦች ከመጀመሪያው ይልቅ በሁለተኛው አጋማሽ የሚበዙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፦ ጨዋታው እንዲያጓጓ ብላችሁ የተመራውን ቡድን በስውር አትርዱት። አሰላለፉን ሲያስብ የዋለ ሰው ይህን ያውቃል፣ ካወቀም ተመልሶ አይመጣም።

ሜዳ ዳር፦
የመስመር ዳኛ ባሉት ላይ የባለሜዳነትን ጉዳይ ልጨምር። ለባለሜዳው ቋሚ ጉርሻ መስጠት ቀላል ነው፤ ሆኖም ከተመልካች ጋር ቢያያዝ ይሻላል። በወረርሽኙ ምክንያት አብዛኛው ጨዋታ ያለ ተመልካች በተካሄደበት የ2020/21 ፕሪሚየር ሊግ እንግዳ ቡድኖች 153 ጊዜ፣ ባለሜዳዎች 144 ጊዜ አሸንፈዋል፤ ከዚያ በፊት በዚያ ሊግ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከፍታም እንዲሁ ነው። ከ3,600 ሜትር በላይ በሆነችው ላ ፓዝ ቦሊቪያ በ2009 አርጀንቲናን 6 ለ 1 አሸንፋለች። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ይህን በግብ ዕድል ላይ አትጨምሩት፤ የእንግዳውን አቅም ፈጥኖ እንዲቀንስ ብቻ አድርጉት፣ የቀረውን የድካሙ ስሌት ይሠራዋል።

ተመላላሽ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቁጥሮቹን ለውጬ፣ ጥንካሬን በአንድ ቦታ ብቻ አሳርፌ፣ ድካሙንም ጨምሬ 200 ግጥሚያዎችን ደግሜ አስኬድኩ፤ 13ቱ ያለ ግብ ተጠናቀቁ። በአንዱ 15ኛ ደረጃ ላይ ያለው ቡድን 71ኛው ደቂቃ ላይ ከማዕዘን የተሻማን ኳስ ተከላካዩ በግንባሩ ገጭቶ መሪውን 1 ለ 0 ረታ፤ መሪው 17 ጊዜ ሞክሮ ነበር። ሦስታችንም የግጥሚያውን የጽሑፍ መዝገብ (ሎጉን) እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለን አነበብነው። የቀረን ነገር የሚመሩ ቡድኖች ከልክ በላይ ማፈግፈጋቸው ነው፤ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ የሙከራ ዕድላቸውን በግማሽ ቀንሼው ነበር፣ ዛሬ ማታ በአንድ አምስተኛ ብቻ ቀንሼ እሞክራለሁ። ባለሜዳነቱንና ከፍታውን ከዚያ በኋላ እጨምራለሁ።