የስፖርት መኪናዬ ሞተር መንኳኳት ጀመረ፤ ጋራዡ «ለማስፈታት ፈርም» ይለኛል፤ ዛሬውኑ መልስ እፈልጋለሁ

ጠያቂ (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ወገኖች፣ አጣዳፊ ነው። ትናንት ማታ ከፌርፋክስ ወደ ቤት ስመለስ ሞተሩ በድንገት መንኳኳት ጀመረ። ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር ድምፁ እየባሰ ሄደ፤ ወዲያው የዘይት ግፊት ቀይ መብራት በራ። ዳር ይዤ አጠፋሁት። ተጎትቶ የገዛሁበት ድርጅት ጋራዥ ገባ። ዛሬ ጠዋት ደውለው «ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር በላይ መዞሩን መዝግቧል፤ ዋስትናው ላይሸፍነው ይችላል። ፈትተን እንድናይ ፈርምልን፤ ጥፋቱ የአንተ ሆኖ ከተገኘ የመፍቻውንም የሞተሩንም ዋጋ ትከፍላለህ» አሉኝ። ጋራዡ ከመዘጋቱ በፊት መልስ ይጠብቃሉ። የፋብሪካው ዋስትና ገና አላለቀም። ልፈርም ወይስ ልተው? ጉዳዩ ስላልተዘጋ የመኪናውን ስም እዚህ አልጽፍም።

ዘይት ለሁሉ፦
መጀመሪያ ዘይቱን አስቀይር። ወፈር ያለ ዘይት ሲገባ ብዙ ኳኳታ ጸጥ ሲል አይቻለሁ።

ነባር መካኒክ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ልጄ፣ ዋና ዋናውን ሳትነግረን ፍርድ ጠየቅኸን። ካምቢዮው በእጅ ነው ወይስ አውቶማቲክ? መኪናውን አዲስ ገዛኸው ወይስ ያገለገለ? የዘይት ቅያሪ ደረሰኞችህ የት አሉ? እነዚህን እስክትመልስ ስለ ድምፁ ልንገርህ።

ነዳጅ ሲሰጡት የሚብስ፣ ከሞተሩ ታች የሚመጣ ጥልቅ ኳኳታ አብዛኛውን ጊዜ የቢየላ ብሮንዚና ነው። ቢየላ ማለት ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው፤ ብሮንዚናው ደግሞ በመካከላቸው ያለው ስስ የብረት ንጣፍ ነው። በብሮንዚናውና በክራንክ ሻፍቱ መካከል ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የዘይት ሽፋን አለ፤ ብረት ብረትን እንዳይበላው የሚያደርገው እርሱ ብቻ ነው። ዘይቱ ሳይሞቅ ዙር ከተሰጠው፣ ወይም መኪናው በረጅም ጥምዝ ላይ በፍጥነት ሲዞር ዘይቱ በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር ከሳበ፣ ያ ሽፋን ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ብሮንዚናው ይላጣል፤ ብናኙ ከዘይቱ ጋር ሁሉም ቦታ ይደርሳል። ይህ በጋራዥ ወሬ የመጣ ነገር አይደለም። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባለ 3.2 ሊትር ሞተሩን ኤም3 ባለቤቶች ጠርቶ የቢየላ ብሮንዚናዎችን ቀይሯል፤ ለዚያ ሞተር የተመደበለትም 10 ደብሊው 60 የሚባለው ወፍራም ዘይት ነው። ስለዚህ ዘይት ለሁሉ ያለው ዘይት ጤነኛ ሞተር ይጠብቅ ይሆናል፤ የተላጠ ብሮንዚና ግን አይመልስም። ሞተሩን ማንም ዳግመኛ እንዳያስነሣው ንገራቸው።

ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ)፦
ወንድሜ፣ እዚህ ብትሆን መርካቶ ወስደን ብሮንዚናውን አስገጥመን በሳምንቱ ትነዳው ነበር! ፈቃድህ ከሆነ ሞተሩን ጭነህ ላክልን፣ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ነባር መካኒክ፦
የኔ ልጅ፣ የእጃችሁን ሥራ አከብራለሁ፤ እኔም ሙያውን የተማርኩት እዚያው ነው። በዋስትና ላይ ያለ ሞተር ግን ከፋብሪካው ተወካይ በፊት ሌላ እጅ ከነካው ክርክሩ በዚያው ያበቃል።

ተጠራጣሪ (ዱባይ)፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ዋስትና የተሠራው ለፋብሪካ ጉድለት ነው። መኪናውን የመኪና ውድድር ሜዳ ወስደህ እየጨመቅኸው ከሆነ ኩባንያው ለምን ይክፈል? ሰው 500 የፈረስ ጉልበት ይገዛና እንደ ታክሲ ዕድሜ እንዲሰጠው ይፈልጋል። ሜዳ ሄደሃል ወይስ አልሄድክም? በቅድሚያ ይህን መልስ።

ጠያቂ፦
ካምቢዮው ባለሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ የሸጠልኝ ይኸው ድርጅት ነው፤ «ተመርምሮ የተረጋገጠ» የሚል ወረቀት አብሮ ሰጥቶኛል። የዘይት ደረሰኞች አሉኝ፤ አንዱ ግን ከሌላ ጋራዥ ነው። ባለፈው በጋ ሰሚት ፖይንት በሚባለው የውድድር ሜዳ በአሠልጣኝ የሚነዳበት ቀን ላይ ተገኝቻለሁ፤ ሰዓት አልተያዘም፣ ውድድርም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መኪናው ምንም አልሆነም።

ቀልደኛው ከሲያትል፦
ባለቤትህ «የድሮውን ቶዮታ አትሽጥ» ብላህ ነበር አይደል? ዛሬ ሥራ በምን ሄድክ?

ጠያቂ፦
በቶዮታው።

ዘጠኝ ሺህ ዙር (ፍራንክፈርት)፦
ባለሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ከሆነ ነገሩ በሙሉ ተለወጠ! ከተፈቀደው ዙር በላይ መዞር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ነዳጅ ረግጠህ እስከ ጣሪያው ስታደርሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱ ነዳጁን ይቆርጠዋል፤ ጥቂት ቢያልፍ እንኳ ሞተሩ የተሠራው ለዚያ ነው። ሁለተኛው አደገኛው ነው፤ በእጅ ካምቢዮ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ እንሄዳለን ብለን ሁለተኛ ስናስገባ ጎማው ሞተሩን በግድ ያዞረዋል፤ ያንን የትኛውም ኮምፒውተር አያቆመውም። በአንተ መኪና ግን ማርሹን የሚያስገባው ኮምፒውተሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅያሪ ብታዘው እምቢ ይላል። ስለዚህ «ተመዝግቧል» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም። የትኛው የዙር ደረጃ ላይ ተመዘገበ? ሞተሩ በሠራ በስንተኛው ሰዓት? አንዳንድ የስፖርት መኪኖች ይህን ከነሰዓቱ ያስቀምጣሉ። ከመግዛትህ በፊት የተመዘገበ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ሥራ ነው፤ ድርጅቱም ሲመረምረው አይቶት ነው የሸጠልህ።

ለዱባዩ ወንድሜ ደግሞ፦ ብርቱ ሞተር ሁሉ ሲሰበር ጥፋቱ የሹፌሩ ነው ማለት ታሪኩን አለማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የፖርሽ 911 ጂቲ3 ሁለት መኪኖች፣ አንዱ በስዊዘርላንድ አንዱ በጣሊያን፣ ተቃጠሉ። ኩባንያው ባለቤቶቹን «አትንዱ» አለ፤ ምርመራው የቢየላ ብሎን ላልቶ የሞተሩን አካል እንደሰበረ አሳየ። የተሸጡት 785 መኪኖች ነበሩ፤ የሁሉም ሞተር ተቀየረ። በኋላም በዚያው ትውልድ ላይ ቫልቮላ የሚገፉት ክፍሎች ያለጊዜያቸው መበላት ሲጀምሩ በአሜሪካ የሞተሩን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 120 ሺህ ማይል አራዘመው። በደቂቃ 9,000 ዙር የሚደርስ ሞተር ሠርቶ የሸጠ ኩባንያ 9,000 ዙር ደረስክ ብሎ ሊከስህ አይችልም።

ዘይት ለሁሉ፦
እኔ አሁንም ዘይቱ ይቀየር ነው የምለው። ምን ይጎዳል?

እህት ከአሌክሳንድሪያ፦
ይጎዳል፤ ዘይቱ ማስረጃ ነው! ወንድሜ፣ የመኪና ዋስትና ጉዳይ በሥራዬ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል፤ ይህችን ከመዝጊያ ሰዓት በፊት አንብባት።

«አልፈርምም» ብለህ አትዝጋባቸው፤ ሞተሩ ሳይፈታ ፋብሪካው ውሳኔ አይሰጥም። ነገር ግን የላኩልህን ወረቀት እንዳለ አትፈርም። የመፍቻው ዋጋ ጣሪያ በቁጥር ይጻፍበት፤ ጉድለቱ የፋብሪካ ከሆነ መፍቻውን ዋስትናው እንደሚከፍል ይጻፍበት፤ ካንተ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ ምንም ዕቃ እንዳይታዘዝ፣ የወጣው ዕቃም እንዳይጣል ይጻፍበት። ከመፈታቱ በፊት የኮምፒውተሩን ሙሉ ንባብ በኢሜይል ይላኩልህ። ዘይቱ ሲወርድ በንጹሕ ዕቃ ናሙና ተወስዶ ይታሸግ፤ ፊልትሮው ሲቀደድ አንተ ወይም የምታምነው ሰው በቦታው ይገኝ፤ በፊልትሮው እጥፋት መካከል የሚያብለጨልጨውን ብናኝ በስልክህ ፎቶ አንሣው። የፋብሪካው የአካባቢ ተወካይ በአካል መጥቶ እንዲያይ በጽሑፍ ጠይቅ፤ የሻጩ የስልክ ቃል የፋብሪካው ውሳኔ አይደለም።

ከሌላ ጋራዥ ስላለህ ደረሰኝ አትሥጋ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ማግኑሰን-ሞስ የሚባለው የፌዴራል የዋስትና ሕግ ዘይትህን ሌላ ቦታ ስለቀየርክ ብቻ ዋስትናህን እንዲነሡህ አይፈቅድም፤ ያ ዘይት ወይም ያ ሥራ ጉዳቱን እንዳመጣ ማሳየት አለባቸው። በዚሁ ሕግ ክስ ብታሸንፍ ፍርድ ቤቱ የጠበቃህንም ወጪ ሊያስከፍላቸው ይችላል። የቨርጂኒያን የብልሹ መኪና ሕግ ግን ብዙ ተስፋ አታድርግበት፤ የሚቆጥረው መኪናው አዲስ ሆኖ ከወጣበት ጀምሮ 18 ወር ነው።

ስለ ሜዳው የዋስትና መጽሐፍህን አውጣና ቃሉን ራስህ አንብብ። «ውድድር» ብቻ ይላል ወይስ «በሜዳ መንዳት»? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቢጠይቁህ እውነቱን ተናገር፤ አትዋሽ፣ ያልተጠየቅኸውንም አትዘርዝር። ፎቶና ቪዲዮ በየገጹ ለጥፈህ ከሆነም ያዩታል ብለህ ተዘጋጅ።

ተጠራጣሪ፦
አሠልጣኝ ያለበት ቀን መሆኑን ቀድሞ ቢናገር ኖሮ እንዲህ አልልም ነበር። የወረቀቱን ነገር እኔም እደግፋለሁ። ግን በሜዳ ጥምዝ ላይ ዘይት መሸሹን ጋሼ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ፋብሪካውም ይህንኑ ይላል።

ነባር መካኒክ፦
ይል ይሆናል። ሆኖም በዚያ ቀን የተጎዳ ብሮንዚና እስከ አሁን ዝም ብሎ መቆየቱ ያጠራጥራል፤ አንዴ መላጥ ከጀመረ ብዙ አይታገሥም። ክራንክ ሻፍቱ ሲወጣ ሁሉንም ብሮንዚናዎች በቅደም ተከተል ደርድረው ፎቶ ያንሡልህ። ሁሉም እኩል ከተበሉ የዘይት ነገር ነው፤ አንዱ ብቻ ወድሞ ሌሎቹ ንጹሕ ከሆኑ ግን የብሎን፣ የአገጣጠም ወይም የተደፈነ የዘይት መንገድ ጥያቄ ይነሣል፤ ያ ደግሞ ወደ ፋብሪካው ያደላል። ይህን ሥዕል ሳታይ ማንም «ጥፋቱ የአንተ ነው» ቢልህ አትቀበል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እህቴም። የዋጋ ጣሪያው እንዲጻፍ ጠየቅኳቸው፤ «አስተዳዳሪው ይደውልልሃል» አሉኝ። የኮምፒውተሩን ንባብ ግን እስካሁን አልላኩም።

ዘጠኝ ሺህ ዙር፦
የሻሲ ቁጥርህን በፌዴራል የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አስገብተህ የጥሪ ማስታወቂያ (ኩባንያው ጉድለት ሊያርም መኪናውን የሚጠራበት) ካለ እይ። የተራዘመ ዋስትና እዚያ ላይወጣ ስለሚችል ሌላ ከተማ ላለ ተመሳሳይ ሻጭ ደውለህ በዚያው ቁጥር ያጣራልህ። ንባቡን ካልላኩም እዚያው ሻጭ ዘንድ በክፍያ ማስነበብ ትችላለህ።

እህት ከአሌክሳንድሪያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሞተር ይቀየርልሃል ካሉ አዲስ ነው ወይስ የታደሰ፣ የራሱ ዋስትና ይኖረዋል ወይስ የቀረህን ጊዜ ብቻ ይጨርሳል፣ ይህ በጽሑፍ ይሁን። የአዲሱ ሞተር ቁጥርና የተቀየረበት ምክንያት የሰፈረበትን የፋብሪካ ደብዳቤ ተቀበል፤ ለመሸጥ ስትነሣ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እርሱን ነው። እስከዚያ ድረስ ምትክ መኪና የሚሰጥ አንቀጽ ካለ ዛሬውኑ ጠይቅ፤ ከጠየቅህበት ቀን በፊት ላለው ብዙ ጊዜ አይከፍሉም።